ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ዛሬ ዛሬ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሹም ሽር ነው፤ አንዱ አለቃ ተነሥቶ ሌላው ሲተካና ነገሩ ሁሉ እንደነበረ ሲቀጥል ሰዎች በምሬት ይጠቅሱታል። እኔ ግን ተረቱን ወደ ተወለደበት ወደ ማድ ቤት መልሼ ልመረምረው እፈልጋለሁ። ለመሆኑ ጉልቻ ሲለወጥ አብሮት የሚለወጥ ነገር የለምን? ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል። የሚነደው እንጨትስ? ከእሳቱ ፊት የምትቀመጠው ሴት ዐይንስ? ተረቱ ስለ ምላስ እንጂ ስለ ከሰሉ ጆንያ የነገረን ነገር የለም።

በእንዲህ ዓይነት ገጾች ላይ መጽሐፍ፣ ዘፈንና ቴአትር ሲሄሱ ማየት ለምደናል። ዕቃ ግን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ሐሳብ፣ ዘመንና የታሰበለት ተጠቃሚ አለው፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገርም እንደ መጽሐፍ ይተረጎማል፤ አንዳንዴም በትርጉም ይበላሻል። ስለዚህ ሒሱን ዛሬ ወደ አንድ ምድጃ ላዞረው አንባቢ ይፍቀድልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023፣ ጦርነቱ ሊነሣ ሦስት ወር ሲቀረው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠራ የኖረ አንድ የኡም ጋርጉር ልጅ ለእህቱ ሠርግ ሲመጣ ከፖርት ሱዳን በጭነት መኪና አንድ ግዙፍ የብረት ምድጃ አስጭኖ መጣ። ዕቃው ትልቅና ትንሽ በርሜል ጎን ለጎን ተጋድመው የተበየዱ ይመስላል። በትንሹ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ በትልቁ ውስጥ ሥጋ ይተኛል። ነበልባሉ ሥጋውን አይነካውም፤ ሙቀቱና ጢሱ ብቻ ከትንሹ ክፍል ወደ ትልቁ አልፈው በላይኛው ቱቦ ይወጣሉ። ከዕቃው ጋር በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የተጻፈ መምሪያ ነበረ። ለሠርጉ ሥጋ የሚጠብሱት የልጁ አጎት ናቸው፤ አጎትየው ደግሞ በንጉሡ ዘመን አስመራ ተምረው ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ነበርና መምሪያውን እንድመልስላቸው ተጠየቅሁ።

ችግሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። መምሪያው «ለጓሮዎ የሚስማማውን ይምረጡ» ይላል። ጓሮ ምንድን ነው? በአማርኛ ጓሮ ከቤት በስተጀርባ ያለ፣ ጎመንና ጌሾ የሚበቅልበት፣ እንግዳ የማያየው ቦታ ነው። የአሜሪካው ጓሮ ግን ሣር ለብሶ እንግዳ የሚጠራበት ነው። እኛ እዚህ የምንኖርበት ደግሞ ሖሽ ነው፤ በአጥር የተከበበ፣ ራኩባ የተዘረጋበት፣ ቀን ቡና የሚፈላበት፣ ሌሊት አልጋ የሚወጣበት። በአሜሪካ ጓሮ የተቀመጠ ምድጃ የእሑድ መዝናኛ ነው፤ በሖሽ የተቀመጠ ምድጃ ግን በመኝታ ክፍልህ መሐል የተቀመጠ እሳት ነው። መምሪያው ይህንን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገደድም። የሚገደደው መራጩ ነው።

ቀጥሎ የዕቃው ስም ራሱ አስቸገረኝ። «ማጨሻ» ብለው ሲጋራ ይታወሳል፤ «ጢስ ማውጫ» ብለው ጣሪያ ላይ የሚቆመው ቱቦ ነው። የሚቀርበው «ማጠኛ» ሆኖ አገኘሁት። ማጠን የቤት ሙያ ቃል ነው። እናቶቻችን የጠላ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ወይም በጥንጁት ያጥኑታል፤ ቅሉ በወይራ ካልታጠነ እርጎው እርጎ አይባልም፤ ቤተ ክርስቲያን በዕጣን ይታጠናል፤ አራስም ትታጠናለች። በሱዳን ደግሞ ዱኻን አለ፤ ሙሽራዋና ባለትዳሯ በጣልሕ እንጨት ጢስ ገላቸውን ያጥናሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጢሱ የሚገባው ወደ ዕቃው፣ ወደ ቤቱና ወደ ገላው ነው። «ሥጋውን አጠነው» ሲባል ግን በአማርኛ ሰምቼ አላውቅም። ቋንጣ እንኳ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጢስ ሲጠጣ ቢከርም «ደረቀ» ይባላል እንጂ «ታጠነ» አይባልም። (የሱዳኑ ቋንጣ ስም በአማርኛ ጆሮ ነውር ስለሚመስል እዚህ አልጽፈውም፤ ገበያ የወጣ ያውቀዋል።) ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጢስን የምናውቀው ሕዝቦች ነን፤ የምናውቀው ግን በጥቂት ጭራሮ ዕቃን በማጠን እንጂ በጆንያ እንጨት ሥጋን በማጠን አይደለም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ሙከራ ተደረገ። አንድ ሙሉ የበሬ ፍሪምባ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ታሽቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ ብረቱ ገባ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወጣ። ልዋሽ አልችልም፤ ሥጋው ግሩም ነበር። በውጭ እንደ ከሰል የጠቆረው ሥጋ በውስጡ በጣት ሲነኩት ይፈርስ፣ ስቡ ቀልጦ ይወርድ ነበር። አጎትየው ገና ሳይቀምሱ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብለው ቀልደው ነበር፤ ከቀመሱ በኋላ ሁለተኛ ቁራጭ አነሡና ዝም አሉ። እኔም ሁለቴ አንሥቻለሁ። የልጁ እናት ሐጃ ግን ከሥጋው ይልቅ እንጨቱን ሲቆጥሩ ነው የዋሉት። በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ዞረው፦

«ልጄ፣ ይህ እንጨት ለእኔ ስንት ቀን እንደሚሆነኝ ታውቃለህ?»

«ስንት ቀን ይሆንሻል፣ እማ?»

«ስምንት ቀን።»

ማንም አልመለሰላቸውም። ይህ ጽሑፍ፣ ከዘገየም በኋላ ቢሆን፣ ያንን ዝምታ ለመስበር የተጻፈ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ለምን አስፈለገ? ፍሪምባ ከብቱ ሲቆም ሲሄድ ክብደቱን የሚሸከም፣ ጅማት የበዛበት ብልት ነው። በፍም ላይ በፍጥነት ቢጠበስ እንደ ጫማ ይጠነክራል። በአንጻሩ ሙቀቱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ተይዞ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ጅማቱ ቀስ በቀስ ወደ ልስልስ ሙጫ ይለወጣል። በቴክሳስ ይህ ሙያ የተስፋፋው ከመካከለኛው አውሮፓ የሄዱ ሥጋ ሻጮች ያልተሸጠላቸውን ብልት በጢስ እያቆዩ መሸጥ በመጀመራቸው ነው። ርካሹ ሥጋ ነበር፤ እንጨቱም በደጃቸው ሞልቶ ነበር። ማጠኛው የተወለደው እንግዲህ ሥጋው ውድ በሆነበት ሳይሆን እንጨቱ ርካሽ በሆነበት አገር ነው። መጽሐፍ ሲተረጎም የደራሲው ዘመን አብሮ እንደሚመጣ ሁሉ ከዚህ ዕቃ ጋር የቴክሳስ ደን አብሮ መጥቷል፤ ልዩነቱ እዚህ ሲደርስ ደኑ የለም።

ኡም ጋርጉር የኤርትራ ስደተኞች መኖሪያ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዚያ ዘመን የመጡት አዛውንት ስለ ጣልሕ ደን ሲያወሩ የሰማ ሰው ዛሬ በዙሪያችን ያለውን ሜዳ ሲያይ ግራ ይጋባል። ዋልካው መሬት በተፈጥሮው የጣልሕና የለሎብ አገር ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በገደምበሊያ የተጀመረው የትራክተር እርሻ ለማሽላና ለሰሊጥ ሲል ደኑን ከዓመት ዓመት ጠርጎታል፤ የቀረውን ከሰል አክሳዩና የማገዶ ፈላጊው ተካፍለውታል፤ በዚህም እኛ ስደተኞቹ ንጹሕ አይደለንም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከስል ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይሄዳል። ጣልሕ ከሰሉ ጠንካራና ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱ ነው ያስጨረሰው። ማገዶ ለመልቀም የሚሄዱት ሴቶችና ልጆች በየዓመቱ እየራቁ ይሄዳሉ፤ በመንገዱ የሚደርስባቸውን በዚህ ገጽ አልዘረዝረውም፤ በየቤቱ ይታወቃል። በ2023 ጦርነቱ ተነሥቶ ከኻርቱም በስተሰሜን ያለው የጄይሊ ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ወዲህ ደግሞ ጋዝ ይጠቀም የነበረው የከተማ ሰው ሳይቀር ወደ ከሰል ተመልሷል።

እዚህ ላይ ከመምሪያው ያገኘሁትን አንድ አስቂኝ ነገር ልንገራችሁ። በስምንተኛው ገጽ ላይ ለጢስ የሚመረጡ እንጨቶች ተዘርዝረዋል፤ ሂኮሪ፣ ፖም፣ ቼሪ፣ ሜስኪት። የመጨረሻው በትንሽ ከረጢት ተቆርጦ እንደሚሸጥና «ልዩ ጣዕም» እንዳለው ተጽፏል። ሜስኪት! ሱዳኖች «ሚስኪት» የሚሉት፣ በካሰላ፣ በጋሽና በአዲሲቱ ሐልፋ እርሻውን የወረረው እሾሃም ዛፍ የዚሁ ዘመድ አይደለምን? ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን ገባ፤ በኋላም አሸዋ እንዲገታ በብዛት ተተከለ፤ ፍየሎችና ግመሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በየመስኖው በተኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 መንግሥት እንዲጠፋ ወሰነበት፤ ዛፉ ግን ውሳኔውን አልሰማም። በእኛም አገር በአፋር፣ በአዋሽ ሸለቆ የግጦሹን መሬት የዘጋው ይኸው ዝርያ ነው። አሜሪካዊው በከረጢት የሚገዛውን እኛ በመጥረቢያ እንረግመዋለን።

ስለዚህ የጓሮ መጥበሻ ልምረጥ ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ብረት?» ሳይሆን «የትኛውን እንጨት?» ነው እላለሁ። ከካሰላ መንገድ የሚመጣ የሚስኪት ከሰል ከተገኘ፣ ጣልሑን ለዱኻኑና ለንቡ ትቶ እርሱን መግዛት የመጀመሪያው ብልህ ምርጫ ነው። ሚስኪት ኃይለኛ ሙቀትና ኃይለኛ ጢስ አለው፤ ለረጅም ሰዓት ቢያጥኑበት ሥጋውን ያመርረዋል፤ ለፈጣን ጥብስ ግን የተፈጠረ ነው። እንጨቱ ራሱ አጭሩን መንገድ ይመርጥልናል ማለት ነው። ከሰል ማክሰል ብቻውን ዛፉን አያጠፋውም፤ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ቢያንስ ግን የምናነደው እንዲጠፋ የምንፈልገውን ነው።

አሁን ወደ ምድጃዎቹ እንምጣ። ከሁሉ የማደንቀው ብረት የሌለበትን ነው። በምሥራቅ ሱዳን የቤጃ ሕዝብ ሳላት የሚለው ጥብስ የሚዘጋጀው በድንጋይ ነው። ለስላሳ ድንጋዮች ከእሳት ጋር ተደርድረው እስኪግሉ ይጠበቃል፤ ከዚያም የበጉ ሥጋ በድንጋዩ ላይ ይዘረጋል፤ ስቡ በድንጋዩ መካከል ወርዶ ሥጋው በራሱ ቅባት ይጠበሳል። ካሰላ ወይም ፖርት ሱዳን ደርሶ ሳላት ያልበላ ሰው ከተማውን አየሁ ባይል ይሻለዋል። እንደ ዕቃ ስንሄሰው ከጥቅሙ አንዱ ድንጋዩ ሙቀት ያዥ መሆኑ ነው፤ እሳቱ ከበረደ በኋላም መጥበሱን አያቆምም። ጉድለቱ ደግሞ ድንጋዩን ለማጋል በመጀመሪያ የሚሄደው እንጨት ነው፤ ለአምስት ሰው ድንጋይ ማጋል ብክነት ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ከማንኛውም ብረት ይበልጣል። ለሠርግ ይሁን፤ ለማክሰኞ ማታ አይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ድንጋይ ከወንዝ ዳር አይለቀም፤ ውኃ የጠጣ ድንጋይ በእሳት ላይ ይፈነዳል።

የየቤቱ ዕቃ ካኑን ነው። ከቆርቆሮ የሚሠራ፣ ከታች አመድ የሚወርድበት፣ ርካሽና ቀላል። ለጀበናና ለድስት መልካም ነው፤ ለጥብስ ግን ሁለት በሽታ አለበት። ቆርቆሮው ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ለሥጋው ሳይሆን ለሖሹ ይሰጣል፤ አፉም ሁልጊዜ ክፍት በመሆኑ ሥጋው ወርዶ ሰው ሲበላ ከሰሉ ብቻውን ነዶ ያልቃል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ላቀች» የተባለችው ምድጃ የወጣችው የመጀመሪያውን በሽታ ለማከም ነበር። ከኬንያው የሸክላ ጂኮ የተወረሰች ናት፤ በብረቱ ውስጥ የሸክላ ሽፋን አላት፤ ከተራው የብረት ምድጃ ጋር ስትነጻጸር ከሰልን በአንድ አራተኛ ያህል ትቆጥባለች። ስሟን ያወጣላት ሰው የማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን የአማርኛ ሊቅም ነበር። እዚህ ላቀችን ማግኘት ባይቻል የሸክላ ሠሪ አይጠፋም፤ በካኑኑ ውስጥ የሚገባ ወፍራም የሸክላ ቀለበት ማሠራት ከባድ አይደለም። በላዩ የብረት ፍርግርግ ሲደረግ የአምስት ሰው ዝልዝል ጥብስ ያለ ችግር ይወጣል።

ሁለተኛውን በሽታ የሚያክመው ክዳን ነው፤ የዚህን ታሪክ ደግሞ ከአሜሪካ መዋስ አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አካባቢ በአንድ የብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ለመርከቦች ምልክት የሚሆነውን ተንሳፋፊ የብረት ኳስ ለሁለት ከፍሎ አንዱን መጥበሻ፣ ሌላውን ክዳን አደረገው። ሰዎች ክዳኑን ከዝናብና ከነፋስ መከላከያ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ትልቁ ጥበብ ሌላ ነው እላለሁ፦ ከላይና ከታች ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ከተዘጉ እሳቱ ይታፈናል፤ ያልነደደው ከሰል ለነገ ይቀራል። እኔ ራሴ በወተት ጣሳ እየሰፈርኩ ሞክሬያለሁ። ሁለት ኪሎ የፍየል ጎድን በክፍት ካኑን ላይ በሦስት ጣሳ ከሰል ጠበስኩ፤ በማግስቱ አመድ ብቻ አገኘሁ። በሌላ ቀን ያንኑ ያህል በክዳን ጠብሼ ቀዳዳውን ዘጋሁት፤ በማግስቱ አንድ ጣሳ ያህል ጥቁር ከሰል ለጠዋቱ ቡና ተርፎኝ ነበር። መምሪያዎቹ ሁሉ ስለ ፍርግርጉ ስፋትና ስለ ብረቱ ውፍረት ይጽፋሉ፤ ስለዚህች አንድ ጣሳ የጻፈ ግን አላየሁም።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። በእኛ ሰፈር ጣሪያው ሣር ነው። በጥርና በየካቲት የሚነፍሰውን የሰሜን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ከክፍት መጥበሻ የሚወጣ ፍንጣሪ ጎጆ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አይጠይቅም።

በገዳሪፍ ገበያ ብረት ቀጥቃጮች ግማሽ በርሜል ቆርጠው እግር አበጅተው ይሸጣሉ። ሰፊ፣ ጠንካራና ዋጋውም ሚዛናዊ ነው፤ ከውጭ ከሚመጣው ሁሉ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ። ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት በርሜሉ ከዚህ ቀደም ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቁ። አገሩ የእርሻ አገር ነው፤ የአረም መድኃኒትም የሞተር ዘይትም በበርሜል ይመጣል። ሻጩ ካላወቀ አይግዙ፤ መልሱ «ታጥቧል» ከሆነም አይግዙ። የሚያብረቀርቅ ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም ለእሳት አይሆንም፤ ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል። ስለ ማገዶውም እንዲሁ። ከዕርዳታ ጭነት ሥር የሚገኘውን የእንጨት ርብራብ ሰባብሮ ማንደድ በየካምፑ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለው እንጨት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ማኅተም ይኖራል፦ ኤች እና ቲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፤ ኤም እና ቢ ካለበት ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ሥጋ አይጠበስበትም፤ እንጀራም አይጋገርበትም። ለካ «የታጠነ» ሁሉ መልካም አይደለም።

ክረምት ሲገባ ምድጃውን ወደ ጎጆ የማስገባት ልማድ አለ። የከሰል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ተኝቶ የሚቀር ሰው እንኳ አያውቀውም። ስለዚህ ዝናብ በሚዘንብበት ሌሊት ጥብስ ይቅር።

ጉድጓድ ቆፍሮ ማጠኛ መሥራትስ? አንዳንድ ወጣቶች ጠይቀውኛል። ዋልካ መሬት ላይ አይሆንም። በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጉድጓዱን ኩሬ ያደርገዋል።

እንግዲህ የጢሱን ነገር ልተው ነውን? አልተውም። ከላይ እመለሳለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። መምሪያው በሽፋኑ ላይ ያሳየው ፎቶግራፍ ወፍራም ነጭ ጢስ የሚተፋ ማጠኛ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ወፍራም ነጭ ጢስ እሳቱ አየር እንዳነሰው ምልክት ነው፤ ሥጋውን ያመርረዋል፤ ጥቀርሻም ያለብሰዋል። ጥሩው ጢስ የማይታይ ያህል የሳሳ ነው። ይህንን ቅል የምታጥን ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፦ ወይራው ነበልባሉ እስኪጠፋ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ነው ቅሉን የምትደፋበት። ሕንዶች ደግሞ «ዱንጋር» የሚሉት ዘዴ አላቸው፤ በበሰለው ምግብ መሐል ትንሽ ሳሕን ውስጥ አንድ ፍም አስቀምጠው ቅቤ ጠብ ያደርጉበትና ድስቱን ይከድኑታል።

ሁለቱን አጋብቼ እንዲህ ሞከርኩ። የሸክላ ድስት ወስጄ እንደ እርጎ ቅል በሁለት ጭራሮ ወይራ አጠንኩት። ጎድኑን በተከደነው መጥበሻ ላይ ጠብሼ ትኩሱን ወደ ታጠነው ድስት ገለበጥኩና ከደንኩት። ቡና አንድ ዙር እስኪጠጣ ቆየ። ፍሪምባው እንደ ሠርጉ ዋዜማ አይፈርስም፤ ያንን ማስመሰል አልችልም፤ ፍሪምባ የሚፈልግ በድስት ቀቅሎ ማለስለስ ይኖርበታል። ጢሱ ግን አለ፤ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ የወጣውም እንጨት በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዝ ነው። አጎትየውን ጋበዝኳቸው። «ይኸ የእናቴ እርጎ ይሸተኛል» አሉ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያ ትልቁ ብረት አሁንም በሐጃ ሖሽ ነው። ከሠርጉ ወዲህ ለማጠን የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ስሄድ ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። ሐጃ የማጠኛውን ክዳን በአንድ እጃቸው አንሥተው በሌላው ለጀበናው የሚሆን ከሰል ሲያወጡ አገኘኋቸው፤ ሥጋ ይተኛበት በነበረው ሆዱ ውስጥ ሁለት ጆንያ ገብቶበታል። ከሰሉ ደረቅ ነበር። ልጃቸው ከጎን ቆሞ «ለዐረፋ እናጸዳዋለን» አለኝ። እሳቸው ምንም አልመለሱም፤ ክዳኑን መልሰው ዘጉት።